ስለ ተባይ መርዝና ስለ ደም ምስክርነት

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳር ጫት፥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ተባይ የሚገድልበትን ነገር «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ መድኃኒት፥ ግብሩ ግን መርዝ ስለ ሆነ፥ ወደ ሰው ገላ መግባቱ በምን እንደሚታወቅ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ልናስረዳ ወደድን።

በነርቭና በደም ውስጥ ኮሊንኤስትሬዝ የሚባል ኢንዛይም ይገኛል። በነርቭ ዘንድ ያለው ሥራ፥ ለጡንቻ ትእዛዝ ያደረሰውን መልእክተኛ ወዲያው ማስወገድ ነው። ማላታይን፥ ክሎርፓይሪፎስና ዳይሜቶኤት የተባሉት መርዞች ይህን ኢንዛይም ያስሩታል። ያን ጊዜ ትእዛዙ ማቆሚያ ያጣል፤ ላብና ምራቅ ይበዛል፥ የዓይን ብሌን ይጠባል፥ ሲብስም ትንፋሽ ያጥራል። መርዙ ጥቂት ሲሆን ግን ራስ ምታትና ድካም ብቻ ስለሚታይ፥ ሰውዬው «ምች መታኝ» ብሎ ይተኛል። ምችና መርዝ የሚለዩት ደሙ ሲመረመር ነው።

ነገር ግን የኢንዛይሙ ልክ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ምርመራ አይበቃም። ርጭት ሳይጀመር ተለክቶ ይጻፋል፤ በኋላም ከራሱ ከሰውዬው ልክ ጋራ ይመዛዘናል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1974 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት ተደንግጓል፤ የቀይ ደም ሕዋሱ ልክ ከመነሻው ወደ 70 በመቶ የወረደ ሠራተኛ ከመርዙ ይርቃል፥ ወደ 80 በመቶም ሲመለስ ሥራውን ይቀጥላል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ምልክቱ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ ሁሉን ዓይነት መርዝ አይገልጥም፤ እንግዲህ ልኩ ደኅና ሆነ ተብሎ ጥንቃቄ አይተውም።

አዋጅ ቁጥር 674/2002 ጸረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ ደንግጎ ነበር። መዝገብ ዕቃውን ይቈጣጠራል፤ የረጪውን ደም የሚቈጣጠር ግን ሐኪም ነው። ስለዚህ ሹማምንት ከርጭት ወራት አስቀድሞ ደም የሚለካበትን መንገድ ቢያስቡበት ከብዙ ሐዘን ያድናል።

በቤትም የረጪው ልብስ ከልጆች ልብስ ጋራ አይታጠብ፤ የመርዙ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ውሃ ወይም ዘይት አይያዝበት። መርዙ የጣለው ሰው ሲገኝ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፥ ፈጥኖም ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ሐኪሙ አትሮፒን የሚሰጠው የመርዙን ዓይነት ሲያውቅ ይበልጥ ስለሚቀናው፥ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት ይዞ መሄድ አይዘንጋ።