ባለቤቱስ የት ሄደ?

ለክፍለ ከተማችን የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ሺሻ ቤት ውስጥ ተይዘው ፊታቸው ለሕዝብ ስለተሰራጨባቸው ሴቶች

ክቡር ሆይ፣

አቤቱታዬን መዝገብ ቤትዎ ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ነገሩን ከሥሩ ስለሚያውቁት አልደግመውም። በቀጥታ ወደ ቪዲዮው ልሂድ።

ጽሕፈት ቤትዎ ባሰራጨው ምስል ላይ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። አንዷ ፊቷን በሻርፗ ልትሸፍን ስትሞክር አንድ እጅ መጥቶ ሻርፑን ይገፍፈዋል። ተራኪው «በሱስ ተጠምደው ገላቸውን የሚሸጡ» ይላቸዋል። ካሜራው የሺሻ ዕቃውን፣ የጫት ገራባውን፣ ባዶ ጠርሙሱን አንድ በአንድ ያሳያል። የቤቱን ባለቤት አያሳይም። ዕቃው የማን እንደሆነ፣ ጫቱን ማን እንዳስገባው፣ ቢራውን ማን እንደሸጠው የጠየቀ የለም። ባለቤቱ በማግስቱ ቤቱን ከፍቶ እንግዳ ሲቀበል ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል፤ ሴቶቹ ያን ጊዜ ገና ጣቢያ ነበሩ።

ከመካከላቸው አንዷን አውቃታለሁ። ነርስ ነኝ፤ ለዓመታት ተከታትያታለሁ። የምጽፈውም በፈቃዷ ነው፤ ስሟ ግን ይቅር። በየሌሊቱ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥም አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። ይህ የሕክምና ሀ ሁ ነው። እሷ በሁለተኛው ሌሊት የጣቢያው ወለል ላይ ስትወድቅ ተረኛው «ምርቃና ነው፣ ይለቃታል» አለ። ምርቃና እንዲያ አድርጎ አይጥልም፣ ክቡር ሆይ! በጎኗ ያስተኟት፣ በር እየደበደቡ ጮኸው ሆስፒታል ያስወሰዷት አብረዋት የታሰሩት ሴቶች ናቸው። ያ ቪዲዮ «ሱሰኞች» ያላቸው ሴቶች። በየቀኑ የምትወስደው የኤች አይ ቪ መድኃኒትም ከቦርሳዋ ጋር ተይዞባት ነበር። የሆስፒታሉን ማስረጃ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዣለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ እነሱ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ በአራተኛው ቀን «ሂዱ» ተባሉ። አንቀጽ 24 ስለ ሰው ክብርና መልካም ስም የሚለውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ቪዲዮውን ላያችሁት ወገኖቼ ልናገር። «ሱስ ነው እዚህ ያደረሳቸው» ብላችሁ ፈርዳችኋል። እንዲያ የሆነባቸው የሉም አልልም፤ አሉ። እኔ ካከምኳቸው የብዙዎቹ መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልጅቷ ከገጠር ስትመጣ አውቶቡስ ተራ ላይ ደላላ ይቀበላታል፤ አስተናጋጅ ትሆኛለሽ ተብላ መሸታ ቤት ትገባለች። ደመወዟ ስም ብቻ ነው። እንጀራዋ ደንበኛው በሚጋብዛት መጠጥ ላይ በሚታሰብላት ኮሚሽን ላይ ተንጠልጥሏል። አልጠጣም ካለች ቤቱ ይከስራል፣ እሷም ትባረራለች። እናንተ ሱስ የምትሉትን እሷ የጀመረችው ሥራ ብላ ነው። እስኪነጋ ቆሞ ለማደር ጫት ትቅማለች፤ እንቅልፉንም ረሃቡንም ያባርርላታል። ሲነጋ ዓይኗ አልከደን ይላታል፣ ስለዚህ በአረቄ ትጨብሳለች። ከሰዓት ራሷን ይዛ ስትነሣ እንደገና ጫት። የአልጋ ኪራይ በየቀኑ ይቆጠርባታል፤ ታማ የቀረችበት ሌሊትም ዕዳ ሆኖ ይጻፍባታል። ሳትጠጣ የማታውቀውን ወንድ መጋፈጥ ያቅታታል፣ ጠጥታ ደግሞ ያለ ኮንዶም የሚላትን እንቢ ማለት ያቅታታል። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ አዋቂዎች 3 በመቶ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር፤ በዚህ ሥራ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያገኙት ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ቫይረሱ ቤታችሁ እንዳይገባ የምትፈሩ ካላችሁ፣ የሚያስፈራው ይህ የቤቱ አሠራር ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ፣ ክቡር ሆይ። ሕጉም ቢሆን ጣቱን የሚቀስረው ወደዚያው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚጠቀመውን፣ ለዚህ ተግባር ቤት የሚያኖረውንና የሚያቃጥረውን ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ አልኮል መሸጥን፣ ሺሻንም ለገበያ ማቅረብን ይከለክላል። ሁለቱም የሻጩ ጥፋት ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

ደግሞም ሴቶቹ መሄጃ የላቸውም። በ2016 ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ የምናውቃቸው ሴቶች ተበተኑ፤ መድኃኒት የሚወስዱትን በስልክ ስንፈልግ ከረምን። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም እኔ እሠራበት የነበረው ማዕከልም ተዘጋ። ገላቸውን የሚታጠቡበት፣ የሚመረመሩበት፣ ማንም ሳይሰድባቸው ቁጭ የሚሉበት ቤት ነበር። አማኑኤልና ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ፤ መታወቂያ የሌላት፣ ተኝታ ብትታከም የዕለት ጉርሷ የሚቋረጥባት ሴት ግን እዚያ ድረስ በእግሯ አትሄድም።

ስለዚህ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቪዲዮው ይውረድ፤ ይቅርታውም በዚያው በተሰራጨበት ገጽ ይነገር። ሻርፑን የገፈፈውና በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረው ይጠየቁ። የቤቱ ባለቤት በአንቀጽ 634 ይከሰስ። በየጣቢያው ያለ ተረኛ የመጠጥ መቋረጥ ሕመምን ከምርቃና መለየት ይማር፤ የታሳሪ መድኃኒትም ከቦርሳ ጋር አይቆለፍ። እዚህ ላይ ላቁም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። የተዘጋው ማዕከል በከተማው በጀት ይከፈት። መታወቂያ ሳይጠየቅ የሚታከሙበት አልጋ ይዘጋጅ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ከተባለ መንግሥት ከእያንዳንዱ የቢራ ጠርሙስ ኤክሳይዝ ታክስ ይሰበስባል፣ ከዚያ ይቆረጥ። የመሸታ ቤት አስተናጋጅ የሥራ ውልና የሚያኖር ደመወዝ ይኑራት፤ ኮሚሽን በሚሉት ስም ለሰው በመጠጥ ልክ መክፈል በሕግ ይከልከል። አውቶቡስ ተራ ላይ ከደላላው በፊት ልጆቹን የሚቀበል የመንግሥት ሠራተኛ ይቁም።

ይህ ከሥልጣኔ በላይ ነው ይሉኝ ይሆናል። የሴትን ፊት ገልጦ ለሀገር ማሳየትም በሥልጣንዎ ውስጥ አልነበረም። ከአቅምዎ በላይ የሆነውን ለበላይዎ ይምሩት፤ የመሩበትን ደብዳቤ ግልባጭ ለእኔም ለአንባቢውም ያሳውቁን። በአቅምዎ ያለውን፣ ቪዲዮውን ማውረዱን፣ ዛሬውኑ ያድርጉት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሰፈሩ ነርስ

ግልባጭ፦
ለከተማው ጤና ቢሮ
ለከተማው ፍትሕ ቢሮ
ቪዲዮውን ለተመለከተ ሁሉ