የጊታር ስፒከር ሳጥን፦ መተንፈሻ ይኑረው ወይስ ይደፈን?

ከውጭ የመጣ የጊታር ማጉያ ዋጋው አልቀመስ ሲል ስፒከሩን ለብቻ ገዝቶ ሳጥኑን አናጢ ቤት ማሠራት ይመጣል። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ተገኘ እንበል፤ ሳጥኑ ምን ዓይነት ይሁን? የሚሟገቱት አንድ የቡሬ ሳጥን ሠሪና ከፍኖተ ሰላም እየተነሱ ሰርግ የሚያጅቡ አንድ አንጋፋ ጊታሪስት ናቸው።

ሳጥኑ ይተንፍስ
(ሳጥን ሠሪው)

የጥር ሰርግ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ጅጋ የሚደገሰው ደጅ ላይ ነው። ዳሱ ቅጠል ወይም ሸራ ነው፤ ቅጠልም ሸራም ወፍራም ድምፅን አይመልሱም፣ ያሳልፉታል። ሙግቴ ከዚህ ይነሳል።

ብዙ ዝነኛ የጊታር ማጉያዎች፣ የፌንደርም የቮክስም፣ ጀርባቸው ክፍት ነው። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱ አየር ይጨመቃል፣ በዚያው ቅጽበት የኋላው ይሳሳል። ቀጭን ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ወደ አድማጩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወፍራሙ ግን እንዲህ አይደለም። የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ሲርገበገብ የሚያወጣው ሞገድ ከ4 ሜትር ይበልጣል፤ ያን የሚያግድ ሳጥን የለም። የኋላው ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይገናኝና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ቤት ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ የኋላውን እየመለሱ ጉድለቱን ይሸፍናሉ፤ ደጅ ላይ የሚሸፍነው የለም። ስለዚህ ጊታሪስቱ «ቀጠነብኝ» ብሎ የማጉያውን ቤዝ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል፣ ኮይሉ ይግላል፣ ሙሽሮቹ ሳይሸኙ ስፒከሩ ይቃጠላል።

ድፍን ሳጥን የኋላውን ድምፅ አፍኖ መጠፋፋቱን ያስቀራል። ነገር ግን ከኮኑ ሥራ ግማሹ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ማጉያውንም፣ ኪቦርዱንም፣ የዳሱን አምፖል ሁሉ በአንዲት ትንሽ ጀነሬተር ለሚያንቀሳቅስ ባንድ ይህ ብክነት ነው።

መተንፈሻ የታፈነውን ጉልበት ያስወጣል። ባዶ እንስራ አፍ ላይ እፍ ብሎ የሚያውቅ አሠራሩን ያውቀዋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ሞላ ይሆናል፣ አንገቱ ላይ ያለው አየር ደግሞ ክብደት ሆኖ ይመላለሳል፣ ሁለቱ ተስማምተው የራሳቸውን ድምፅ ያወጣሉ። የሳጥኑ ይዘትና የመተንፈሻው ቱቦ እንዲህ ሲስማሙ የኋላው ድምፅ ተገልብጦ ከፊተኛው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይወጣል። በዚያ ድምፅ ላይ አብዛኛውን አየር የሚገፋው መተንፈሻው ስለሆነ ኮኑ ቆመ ለማለት ጥቂት ይቀረዋል፤ ጮክ ብሎ እየተሰማ ብዙ አይደክምም። ነገሩ አዲስ አይደለም። የቤል ላብራቶሪው አልበርት ቱራስ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። በ1961 አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል ስሌቱን አበጀለት፣ በ1970ዎቹ ሪቻርድ ስሞል አሰፋው። ከዚያ ወዲህ መተንፈሻ የግምት ሥራ መሆኑ ቀርቷል።

ሥራው ይኸውና። የሳጥኑ ውስጥ ቁመት 50፣ ወርድ 40፣ ጥልቀት 27 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ 54 ሊትር ነው። ስፒከሩና የማዕዘን ማጠናከሪያዎቹ የሚይዙት ሲቀነስ ወደ 50 ሊትር ይተርፋል። ለመተንፈሻ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የ110 ፒቪሲ ቱቦ ይበቃል፤ ውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ነው። ቱቦው የሳንቃውን ውፍረት ጨምሮ 2.7 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም ሳጥኑ ወደ 70 ኸርዝ ይቃኛል፤ 6.5 ሲሆን ወደ 60 ይወርዳል። ለጊታር 70 አካባቢ ይስማማኛል፣ ከወፍራሙ ክር ትንሽ ዝቅ ብሎ ኮኑን ስለሚይዝልኝ።

ስለ እንጨቱ ደንበኞቼ ሁሉ ዋንዛ ይሁንልን ይላሉ። ዋንዛ ለከበሮ፣ ለገበታ፣ ለበር ያማረ እንጨት ነው። ለዚህ ሥራ ግን 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይሻላል። ወጥ ሳንቃ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ መተንፈሻ ያለው ሳጥን በማይፈለግ ቦታ አየር ካሾለከ ቅኝቱ ይበላሻል። ኮምፔርሳቶ ንብርብሩ እርስ በርስ ተጠላልፎ ስለተለጠፈ ቦታውን ይይዛል። ባህር ዛፍ ደግሞ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፤ ለማዕዘን ማጠናከሪያም ቢሆን ሳይደርቅ አልነካውም። መጋጠሚያው በኮላ ይሞላ፣ በብሎን ይጥበቅ፣ የስፒከሩ ጠርዝ ስር ስፖንጅ ይነጠፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛን አገር የሚመለከት ነውና። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ናቸው። አየራችን ከጠረፉ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ብዙ ሰው «እንግዲያማ ቅኝቱ ይለወጣል» ይላል። አይለወጥም። ሞላው በሳሳበት መጠን የአንገቱም አየር ይቀልላል፣ ሁለቱ ይካካሳሉ። የድምፅ ፍጥነትም የሚከተለው ሙቀትን እንጂ የአየር ግፊትን አይደለም። የሚለወጠው የስፒከሩ ድርሻ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው «ይህን ያህል ሊትር አየር ከኮኑ ጥንካሬ ጋር ይስተካከላል» የሚለው ቁጥር እዚህ በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር ስሌት 60 ሊትር የተባለ ሳጥን ለእኛ ከ50 ብዙ አይበልጥም። አናሳ ሳጥን ማለት ቀላል ሳጥን ነው፤ ባጃጅ ላይ ከጊታሪስቱ ጋር ይጫናል።

ለጊታር መተንፈሻ አይሆንም ለሚል የኤሌክትሮ ቮይስን ቲኤል806 ላስታውሰው። ባለ 12 ኢንች፣ በቲል ስሌት የተሠራ ሳጥን ነው፤ ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ «ቲል» እያሉ በስሙ ይጠሩታል።

ጊታርን ቤዝ አታድርጉት
(ጊታሪስቱ)

ወንድሜ በስሌቱ አልሟገትህም፣ እጅህን አውቀዋለሁ። የምሟገተው መነሻህን ነው። ጊታር ወፍራም ድምፅ ጎደለው ያለ ማን ነው?

ዳሱ ውስጥ ያለውን ተመልከት። ከበሮ አለ። ቤዝ ጊታር አለ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ግራ እጁን ሥራ ፈት አድርጎ አያውቅም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ የዚያ እጥፍ 82፣ የእኔ ወፍራም ክር ነው። አንተ መተንፈሻ ከፍተህ የምታደምቀው ከ70 እስከ 110 ያለውን ነው፤ ያ ቦታ ባለቤት አለው። ሁላችንም እዚያ ስንገባ ቀድሞ የሚጠፋው ዘፋኙ ነው። በጎጃም ሰርግ ደግሞ ሰው የሚሰማው ግጥሙን ነው፤ ተቀባዩ ቃሉን ካልሰማ አይቀበልም፣ ሽማግሌውም ለየትኛው ስንኝ ብር እንደሚሸልም አያውቅም።

በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሥራዎች የሰላም ስዩምን ጊታር ከጂዮቫኒ ሪኮ ቤዝ ጋር አዳምጥ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይረግጥም። ጊታሩ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ አጭር ይናገራል፣ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ በእውነት ዝም ይላል። የዚህ አገር የጊታር አጨዋወት የተገነባው በዚያ ዝምታ ነው። መተንፈሻ ያለው ሳጥን ዝም አይልም። ክሩን በመዳፌ ካቆምኩት በኋላ በቅኝቱ አካባቢ ያለው ድምፅ ሳጥኑ ውስጥ እየተወዛወዘ ዘግይቶ ይሞታል። ሰከንድ ሲከፋፈል ኢምንት ነው ትለኝ ይሆናል። ትዝታ ሲጫወቱ ላይታወቅ ይችላል። እስክስታው ሲጦፍ፣ ትከሻው ከከበሮው ጋር ሲሄድ፣ ያቺ ኢምንት ትሰማለች፤ ምቱ ይዝረከረካል።

አሁን ወደ ስፒከሩ ልምጣ። ቲኤል806ን ጠራህ፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮ ቮይስ ስፒከር ማግኔቱ እጅግ ከባድ፣ ኮኑን አጥብቆ የሚይዝ ነው። መተንፈሻው የሚሠራለት በዚያ ጉልበት ነው። ከገበያ የምናገኘው የጊታር ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ኮንና መካከለኛ ማግኔት ያለው፣ ልጓሙ የላላ ነው፤ እንዲህ የሚሠራውም ሆን ተብሎ ነው፣ ጀርባው ክፍት በሆነ ሳጥን ውስጥ እንዲዘምር። እሱን መተንፈሻ ያለው ሳጥን ውስጥ ስታገባው አንዱን ድምፅ ያጎላና በየዘፈኑ እሱኑ ይደጋግማል። በዚያ ላይ ስፒከሩ ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት ነው የሚሸጠው። ቁጥሩን የማታውቀውን ስፒከር ምኑን ታሰላለህ?

ኮኑን ይጠብቃል ያልከውም ግማሹ ነው። ከቅኝቱ በታች ሲወረድ ሞላው ይጠፋል፤ አየሩ በቀዳዳው ወጥቶ ይሄዳል፣ ኮኑ ልጓም እንደሌለው ይንገላታል። በእኛ ዳስ የጊታር ማጉያ ላይ ኪቦርድም፣ ቤዝ ክራርም፣ የዘፋኙ ማይክም ይሰካል። ማይኩ ሲወድቅ የሚመጣው ድብደባ ከ70 ኸርዝ በታች ነው። ያኔ ድፍን ሳጥን ኮኑን በውስጡ አየር ይይዘዋል።

የሳሳ አየራችንን ለራስህ ቆጠርከው፤ ለእኔም ይቆጠራል። ድፍን ሳጥን ኮኑን የሚያፍነው ውስጡ ያለው አየር ጠንካራ ሞላ ሲሆንበት ነው። እዚህ ሞላው በአምስት አንድ እጅ ስለላላ 35 ሊትር ድፍን ሳጥን በጠረፉ ከ42 ሊትር በላይ እንዳለው ይሆናል። ካንተ ሳጥን አንሶም ይበቃኛል። የማርሻል ባለ 4 ስፒከር ድፍን ሳጥን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስንት ትልልቅ መድረክ ያናወጠ ነው፣ ቀዳዳ ሳያስፈልገው።

ለሕዝቡ ወፍራም ድምፅ ማድረስ ካስፈለገ ደግሞ ሞንታርቦ አለ። ሳጥኔ ፊት ማይክ ይቁምልኝ፣ የቀረውን ሞንታርቦው ይሥራ። እሱ ለዚያ ተብሎ ነው መተንፈሻ የተበጀለት።

ሳጥን ሠሪው ሲመልስ

ጋሼ፣ ስለ ግጥሙ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ቤዝ ጊታር ባለበት መድረክ የጊታርን ወፍራም ድምፅ መቀነስ ተገቢ ነው። ግን የሚያዩት ትልቁን ባንድ ብቻ ነው። ወደ ገጠሩ ገባ ሲባል የሚመጣው አጃቢ አንድ ጊታር፣ አንድ ማሲንቆና ከበሮ ነው። ቤዝ የለም። ሞንታርቦው አንድ ነው፣ እሱም ለዘፋኙ ማይክ ተይዟል። እዚያ የዘፈኑን መሠረት የሚይዘው በጊታሪስቱ አውራ ጣት ስር ያለው ወፍራም ክር ነው። ያ ክር ሜዳ ላይ ጠፍቶ ከቀረ ማሲንቆው አየር ላይ ይንጠለጠላል። እኔ የምሠራው ለእነዚያ ልጆች ነው።

ወረቀት የለውም ላሉት፣ ስፒከሩ ራሱ ይናገራል። ስልክ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ፣ 1,000 ኦም ሬዚስተርና መልቲሜትር ይበቃሉ። ስፒከሩን ከሬዚስተሩ ጋር በተከታታይ አገናኝቼ፣ ማጉያውን በትንሹ ከፍቼ ከ30 ኸርዝ ወደ ላይ እወጣለሁ። በስፒከሩ ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ የሚያሻቅብበት ነጥብ የኮኑ የራሱ ድምፅ ነው፤ ጉብታው ሹልና ረጅም ነው ወይስ ዝቅ ያለ የሚለውን ከኮይሉ ኦም ጋር አስተያይቼ ልጓሙ ጠንካራ ወይም ላላ መሆኑን አሰላለሁ። በሚታወቅ ይዘት ድፍን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እደግመዋለሁ፤ ጉብታው ምን ያህል ወደ ላይ እንደሸሸ ሲታይ የሚያስፈልገው ሊትር ይገኛል። ልኬቱ እዚሁ ቡሬ፣ እዚሁ አየር ላይ የተወሰደ ስለሆነ የከፍታውን ነገር ለብቻ ማስላት አያስፈልገኝም። መተንፈሻው ከተገጠመ በኋላ አንዱ ጉብታ ሁለት ይሆናል፤ መሀላቸው ያለው ሸለቆ ቅኝቱ ነው። ሸለቆው 78 ላይ ከዋለ ቱቦውን አስረዝማለሁ፣ 60 ላይ ከወረደ በመጋዝ አሳጥረዋለሁ።

ልጓሙ ላላ የሆነ ስፒከር ሲመጣልኝ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ፦ ለዚህ መተንፈሻ አልሠራም። በዚህ እርስዎና እኔ አንለያይም። የምንለያየው እርስዎ ስፒከሩ ሳይለካ በሩን ስለዘጉት ነው። ቤዝ ተጫዋች በመጣ ቀንም መተንፈሻው ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ ሳጥኑ ድፍን ይሆናል።

የጊታሪስቱ የመጨረሻ ቃል

ጨርቅ አይሆንም። ጨርቅ ያሾልካል፤ ግማሽ ድፍን ግማሽ ክፍት የሆነ ሳጥን ከሁለቱም የከፋ ነው። ልክህ ከሆነ ከዚያው ኮምፔርሳቶ ክብ ክዳን ቁረጥለት፣ ጠርዙን ስፖንጅ አልብሰው፣ በአራት ብሎን የሚታሰር አድርገው። መተንፈሻውም ከስፒከሩ ጎን በፊት በኩል ይሁን፤ ሰው ሳጥኑን ከግንብ ወይም ከድንጋይ ካብ ያስጠጋዋል፣ ከኋላ ከሆነ ይዘጋበታል።

ለሦስቱ ልጆች፣ ቤዝ ለሌላቸው፣ ክፈትላቸው፤ በዚያ አልከራከርም። ለሙሉ ባንድ ግን ክዳኑ ታስሮ ይምጣልኝ እላለሁ፣ ልኬትህም ይህን አይለውጠውም። መልቲሜትሩ ቅኝቱን ይነግርህ ይሆናል፤ ዘፋኙ መሰማቱንና አለመሰማቱን አይነግርህም። ለዚያ ከሳጥኑ አጠገብ ተነስተህ ከበሮው እየተመታ ዳሱ ጥግ፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት መቆም አለብህ። ክዳኑን አንድ ዘፈን ክፈተው፣ አንድ ዘፈን ዝጋው፣ ቃሉ በየትኛው እንደደረሳቸው እነሱን ጠይቃቸው።