የተማሪ ክፍልም ውል ይኑረው

በየካ ክፍለ ከተማ መስከረምና ጥቅምት የቤት ፍለጋ ወራት ናቸው። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከአርሲ የመጡ ተማሪዎች ደላላ ተከትለው ግቢ ለግቢ ይዞራሉ። መንግሥት የመደባቸው መደበኛ ተማሪዎች መኝታና ምግብ በወጪ መጋራት ያገኛሉ። የግል ኮሌጅና የማታ ተማሪዎች ግን ማደሪያቸውን የሚፈልጉት በየራሳቸው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ ከተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ነው። ግድግዳዋ ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤ መጸዳጃው የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን በር ላይ ይደረደራል። በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ደግሞ ክረምት ሲገባ ዳገቱ ይጨቀያል፤ የሌሊቱ ብርድም በቆርቆሮው ዘልቆ ይገባል። ሁለትም ሦስትም ሆነው ይከራዩና ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋሉ። የግቢው ሕግ በቃል ይነገራቸዋል፦ እንግዳ አያድርም፣ ምጣድ አይሰካም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም።

ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ግን የለም። ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

ሕጉ አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ጭማሪም አከራዩ እንዳሻው የሚጥለው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ የሚወስነው ነው። ውል የሌለው ተማሪ ግን በፈተና ሰሞን «ክፍሉን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» ቢባል፣ ወረዳ ሄዶ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ተማሪና የአዲስ አበባ ኪራይ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዳሪነት ሲቀር፣ ተማሪዎች በየሰፈሩ ክፍል እየተከራዩ ለመማር ተገድደው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ቀነሰ፤ ከዚያ ወዲህ በቀበሌ ቤት ደባል ሆኖ መማር የብዙዎች መጠጊያ ሆነ። አሁን እነዚያ ቤቶች እየተመናመኑ ነው። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል እስከ መገናኛ መንገዱን ሲያሰፋና ሲያስውብ፣ በዳር የነበሩ ያረጁ ቤቶችን አንሥቷል። ከተማዋ መታደሷ ተገቢ ነው። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ክፍሎች አብረው ሲሄዱ ግን ተተኪያቸው ሊታሰብ ይገባ ነበር።

የአከራዮችም ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ወይም ባል የሞተባቸው እናቶች ናቸው፤ የወር ወጪያቸው የሚሸፈነው በእነዚያ ሁለት ሦስት ክፍሎች ነው። የኪራይ ገቢ ግብሩ ያሳስባቸዋል። ተማሪው ሰኔ ላይ ዕቃውን ጭኖ አገሩ እንደሚገባም ያውቃሉ፤ የሁለት ዓመት ውል ለእነሱም ለእሱም የሚመች አይመስላቸውም። ሦስት ልጆች በአንድ ክፍል ሲያድሩ ደግሞ ውል ቢኖር እንኳ የሚፈርመው አንዱ ነው፤ እሱ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ሁለቱ ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ለተማሪ የሚሆን አጭር የውል ቅጽ ያዘጋጅ፤ በክፍሉ የሚኖሩት ሁሉ በየስማቸው ይፈርሙበት፣ ጊዜውም ከትምህርት ዘመኑ ጋር ይጣጣም። ለዚህ መመሪያ ወይም ማሻሻያ ካስፈለገ ይውጣ። ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ ሲመዘግቡ መብቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡት፤ በግቢያቸው አካባቢ ያሉ ፈቃደኛ አከራዮችንም ዝርዝር ይያዙ። ይህ ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሠራተኛ ይበቃዋል።

እስከዚያው ተማሪዎች ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ስጡ ብትባሉ ሕጉን ጠቅሳችሁ እምቢ በሉ። ኪራዩን በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈሉ፤ የክፍያውንም መልእክት አታጥፉት።