ጥራቱ በኋላ አይመጣም

አሰላ ውስጥ ጊታር የሚያስተምር አንድ ሰው ሰሞኑን ለተማሪዎቹ የሰጠው ምክር አበሳጭቶኛል። «ይህ የሯጮች አገር ነው፤ ጣታችሁም ይሩጥ። ሜትሮኖሙን በየሳምንቱ አሥር አሥር ምት ጨምሩበት። ጥራቱ በኋላ ይመጣል» ነው ያላቸው። ልጆቹም አመኑት። ምን ያድርጉ? ከፍለው የሚማሩት ከእሱ ነው። ስልካቸውን ሲከፍቱም የሚያገኙት ይህንኑ ነው፤ አጫጭር ቪዲዮዎቹ በጥቂት ቀን ፈጣን ጊታሪስት እናደርጋችኋለን እያሉ ይጠሯቸዋል።

ፍጥነትን ጠልቼ አይደለም የምጽፈው። የጂፕሲ ጃዝ ጊታርን የምወደው ለፍጥነቱም ጭምር ነው። የዚሁ ስልት ጊታሪስት ቢሬሊ ላግሬን ገና በልጅነቱ ያስቀረጸውን ሰምቶ የማይደነቅ ጊታሪስት አላውቅም። ዝም ማለት ያቃተኝ አሰልጣኙ ለማስረጃ የሚያሳየው የእነዚህኑ የጂፕሲ ጃዝ ሰዎች፣ የቢሬሊንና የስቶኬሎ ሮዘንበርግን ቪዲዮ ስለሆነ ነው። ያቀረበው ምስክር የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው።

«ጥራቱ በኋላ ይመጣል።» ከየት ነው የሚመጣው? ማን ያመጣዋል? እጅ የሚማረው የደጋገመውን ነው። የቀኝ እጅ ፒክ ክሩን የሚመታበትና የግራ እጅ ጣት ፍሬቱ ጋ የሚጫንበት ቅጽበት አንድ መሆን አለበት። ጣቱ ከዘገየ ድምፁ ይታፈናል፤ ቀድሞ ከተነሣ ኖታው ተቆርጦ ይቀራል። ተማሪው ይህን ጉድለት በደቂቃ 80 ምት ሳያርም ወደ 90፣ ከዚያም ወደ 100 ቢሄድ ጉድለቱን ይዞት ይሄዳል። በደቂቃ 160 ምት፣ በየምቱ አራት አራት ኖታ የሚጫወት ሰው በሰከንድ ከአሥር ኖታ በላይ ያወጣል። ለአንዱ ኖታ የሚደርሰው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያንሳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የትኛው ጣት እንደዘገየ እየለየ የሚያርም ተማሪ የለም። ራሱን መስማት በሚችልበት ፍጥነት ላይ አትስማ ተብሎ፣ መስማት በማይችልበት ላይ ደርሶ እንዲያርም ይጠበቃል። አሰልጣኙ «በኋላ» የሚለው ጊዜ ለዚህ ነው የማይደርሰው።

የጂፕሲ ጃዝን የጀመረውን የጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትን ታሪክ የፍጥነት ሰባኪዎች ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1910 ቤልጂየም ውስጥ ተወልዶ ፓሪስ ዳርቻ፣ በሠረገላ ቤት ከሚኖሩትና ማኑሽ ከሚባሉት ጂፕሲዎች መካከል ያደገው ይህ ሰው በ1928 ሠረገላው ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች፣ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ፣ ተጎዱበት። ከዚያ በኋላ ሶሎውን የሚጫወተው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነበር። «በሁለት ጣት እንኳ እንዲህ ፈጠነ» እያሉ ተማሪ ያስደንቁበታል። መሃሉን ግን ይዘሉታል። ከቃጠሎው በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀበት ሥራ እያንዳንዱን ኖታ በቀረው እጁ እንደገና የሚያገኝበትን መንገድ መፈለግ ነበር። በአራት ጣት ይጫወት የነበረውን በሁለት ጣት አፍጥኖ ሊመልሰው አይችልም ነበርና፣ ክሩን ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ አዲስ አካሄድ አበጀ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የተመሠረተው ኩዊንቴት ከበሮ አልነበረውም። አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቤዝ ብቻ። ጃንጎ ከዚያ በፊት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ሳለ ፓሪስ ጭፈራ ቤቶች ውስጥ አኮርዲዮን ሲያጅብ ባንጆ ይጫወት ነበር። ማጉያ በሌለበት፣ ሰው በሚጨፍርበት አዳራሽ ውስጥ ለመሰማት የሚያስፈልገው ወፍራምና የጠራ ድምፅ ነው። የማኑሾቹ የቀኝ እጅ አመታት በሙሉ ለዚህ የተመቸ ነው። ክንዱ የጊታሩ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ አንጓው ጎንበስ ይላል፤ መዳፉም ሆነ ጣቶቹ የጊታሩን ገጽ ተደግፈው አይቆሙም። ፒኩ ወፍራም ነው፤ ብዙዎቹ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ይጠቀማሉ። ወደ ታች ሲመታ የእጁን ክብደት ይዞ ክሩን ያልፍና ቀጥሎ ያለው ክር ላይ ያርፋል። ወደ አዲስ ክር ሲገባም ሁልጊዜ ወደ ታች በመምታት ይጀምራል፤ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ወደ ታች መምታት ቢጠይቅም እንኳ። ይህን አመታት የተካነ እጅ ጡንቻው ስለማይወጠር ይፈጥናል። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚያ ነው። አሰልጣኙ ግን ለልጆቹ የሚያሳያቸው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ እጁ የት እንደሚያርፍ፣ ፒኩ የት እንደሚቆም አንድ ቀን እንኳ አላሳያቸውም።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ አመታት ለእኛ ሙዚቃ የተመቸ መሆኑ ነው። ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ኖታ ናቸው። ትዝታም ሆነ አንቺሆዬ ጊታር ላይ ሲዘረጋ በየክሩ ሁለት ሁለት ኖታ ይደርሳል፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ ይመታል፤ ቀጣዩ ክር እንደገና ወደ ታች ይጀመራል። የማኑሾቹ ሕግ ምንም ሳይጣስ ከቅኝታችን ጋር ይገጥማል። ፒኩ ወደ ላይ ሲመታ ከክሮቹ መሃል ስለሚወጣ ክር ለመቀየር የሚያግደው የለም። ሦስት ሦስት ኖታ በየክሩ የሚደረድር የአውሮፓ ስኬል የሚጫወት ሰው ይህን ምቾት እንዲህ በቀላሉ አያገኝም። ችግሩ ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። አምባሰል ከዶ ሲጀመር ከሬ ቤሞል ወደ ፋ፣ ከላ ቤሞልም ወደ ላይኛው ዶ የሚደረገው ዝላይ በአንድ ክር ላይ አራት ፍሬት ይርቃል። ጣት የሚለጠጥበት ወይም እጅ የሚሸጋገርበት ቦታ እሱ ነው፤ ጃንጎም በሁለት ጣቱ የተካነው እንዲህ ያለውን ሽግግር ነበር። ሜትሮኖም ማሳደግ ይህን ሽግግር አያስተምርም። ዝላዩን ለብቻው አውጥቶ፣ በዝግታ፣ ኖታው ሳይቆረጥ እስኪገናኝ መለማመድ ያስተምራል። ማነው ይህን ለአሰላ ልጆች የነገራቸው?

ወደ ውጭ ማየት የማይወድ ካለ ክራሩን ይመልከት። ክራር በግርፍ ሲጫወቱት ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ መሰማት የሌለባቸውን ክሮች እየነኩ ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው ካልታፈነው ክር ነው። አንድ ጣት ብትሳሳት የማይፈለገው ክር ይጮኻል፤ ዜማው ይጠፋል። ክራር ተጫዋች ጥራትን ለበኋላ ማቆየት ከቶ አይችልም፤ መጀመሪያውኑ ካላፈነ ዜማ የለውም። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ባለሙያዎች ያለፉበት ትምህርት ቤት ይህ ነው። በማንዶሊንም ያው ነው። ግሩም መዝሙር በመሠረተው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ውስጥ የአየለ ማሞን ማንዶሊን የሰማ ሰው ድምፁ ቶሎ የሚሞት መሣሪያ እያንዳንዱን ምት እንዴት እንደሚያጋልጥ ያውቃል። ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ የተሰማው የሰላም ሥዩም ጊታርም የተወደደው ኖታው ተለይቶ ስለሚሰማ ነው። አርሲ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አሊ ቢራም ጊታርና ኡድ ይዞ ሲጫወት ዘፈኑን ለማሸነፍ ሲሮጥ አልሰማሁትም።

አሁን ወደ ሯጮቹ ልምጣ፤ አሰልጣኙ ነው ያነሣቸው። ጭላሎ ሥር ያደገ ሰው የሩጫን ነገር እንዲህ አቅልሎ ሲናገር መስማት ያሳፍራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈው በ0.09 ሰከንድ ልዩነት ነው፤ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ በ27 ደቂቃ ከ18.29። እስከ መጨረሻው ዙር አቅሙን ቆጥቦ ባይሮጥ ያቺ የመጨረሻዋ ግስጋሴ ከየት ትመጣ ነበር? ደራርቱንና ቀነኒሳን ባፈራችው በቆጂ በዝግታ የሚሮጥበት ቀን አለ፤ የሰውነት አያያዝ ልምምድ አለ፤ ዕረፍት አለ። በየሳምንቱ ሰዓቱን እየቆረጠ በሙሉ ኃይሉ ብቻ የሚሮጥ ልጅ ቢኖር አሰልጣኞቹ ጉዳት ሳይደርስበት ያስቆሙታል። ጊታር ላይ ግን የሚያስቆም የለም። እዚህ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ጊታር ክሩ ከአንገቱ የራቀ፣ ለመጫን ኃይል የሚጠይቅ ነው። በዚያ ላይ የደጋው ጠዋት ብርድ አለ። ያልሞቀ እጅ፣ የራቀ ክርና የሚያሳድድ ሜትሮኖም ሲገናኙ ውጤቱ የአንጓና የክንድ ሕመም ነው። አንጓውን በጨርቅ ጠምጥሞ የሚለማመድ ልጅ አይቻለሁ፤ ሕመሙን የትጋት ምልክት አድርጎ ነበር የሚያየው። ይህን ያስተማረው ሰው ሊያፍር ይገባል።

ፍጥነቱ ውጤት ያሳየ የሚመስለው ማጉያው ስለሚሸፍነው ነው። ድምፁ በዲስቶርሽን ሻክሮ፣ ዲሌይና ሪቨርብ ተጨምሮበት፣ ከኪቦርድ ጋር ሠርግ ላይ ሲለቀቅ የተቆረጠው ኖታ ከቀጣዩ ጋር ይደባለቃል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ገመዱ ይነቀልና ያው ሰው ያንኑ ሐረግ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይጫወተው። ከሚመታው ኖታ ስንቱ በእርግጥ እንደሚሰማ እዚያ ይታወቃል።

«ታዲያ በዝግታ ብቻ ሲጫወት የኖረ ሰው መቼ ይፈጥናል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በዝግታ ሲሆን እጅ ሰፋ አድርጎ ሊንቀሳቀስና ያ እንቅስቃሴ ሲፈጥን ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አራት ኖታ ብቻ በፍጥነት መትቶ መቆም፣ ማዳመጥ፣ ጠርቶ ከወጣ መድገም፣ ካልጠራ መመለስ ጥሩ ልምምድ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህም ዳኛው ጥራቱ ነው። አራት ኖታ መትቶ ማዳመጥ ሌላ፣ ሳምንት ቆጥሮ አሥር ምት መጨመር ሌላ ነው። የቀን መቁጠሪያ የእጅን ብቃት አይለካም።

ደግሞም ስለ ሶሎ ብቻ ማውራታችን ራሱ ስህተት ነው። ማኑሾቹ ዘንድ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ማጀብን ነው። ላ ፖምፕ የሚሉትን የቀኝ እጅ ምት ይዞ ከታላላቆቹ ጎን ለዓመታት ይቀመጣል፤ ምቱ ካልጠራ ሶሎ የሚሰጠው የለም። አሰላ ውስጥ ብዙ ጊታሪስት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ለሠርግ ባንድ፣ ለአርሲ ኦሮሞ ጭፈራ። ጨፋሪው የሚፈልገው የማይናወጥ ምት ነው። ከአሰልጣኙ ተማሪዎች አንዱን አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምቱን ሳይለቅ እንዲያጅብ ጠይቄው አልቻለም። በ150 ምት ስኬል ግን ይወርዳል፣ ይወጣል።

ለወላጆች የምለው ይህን ነው። ለልጃችሁ የጊታር ትምህርት የምትከፍሉ ከሆነ አንድ ቀን ክፍሉ ድረስ ሂዱ። አሰልጣኙ ማጉያውን አጥፍቶ አንድ የትዝታ ዜማ በ60 ምት እንዲጫወትላችሁ ጠይቁት። እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ካልተሰማችሁ ሌላ አስተማሪ ፈልጉ። ልጆቹም እጃቸውን የሚያማቸው ከሆነ ልምምዱን ዛሬውኑ ያቁሙ።