ድሩን ማን ከፈለ?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያላለ ባለሥልጣን፣ ባነር ላይ ያልጻፈ ማኅበር፣ ፖስት ያላደረገ ወጣት ካለ ጥሩልኝ። አሁን ደግሞ ድር እንዴት እንደሚደራ የሚያውቅ ጥሩልኝ። ዝም፣ አይደል?

የካቲት 23 ጠዋት ጊዮርጊስ ብትወጡ አደባባዩ ነጭ በነጭ ነው። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስም የዓድዋም ነው፤ ምኒልክም ፈረሳቸው ላይ ሆነው ከላይ ያያሉ። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ፣ ባለ ሰንደቅ ጥለት ቀሚስ። ስልኩ ሁሉ ጥለቱ ላይ ያተኩራል። የኔ ጠብ ከዚህ ዓይን ጋር ነው፤ ጥለት ብቻ አይቶ ለጥለት ብቻ ከሚከፍል ዓይን ጋር።

ሸማ ሁለት ክር ነው። ድሩ በቁመት ይወጠራል፤ ማጉ በመወርወሪያ እየተሻገረ ይገባበታል። ጥለቱ የሚያምረው በአግድም በሚገባው ክር ነው፤ ሁሉንም ተሸክሞ የሚውለው ግን ድሩ ነው። የጨርቁ ስፋትና ርዝመትም የሚወሰነው ድሩ ሲደራ ነው። «ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ» ብላችሁ ዘግይታችሁ ስትደውሉ ሸማኔው ለምን ዝም እንደሚል አሁን ገባችሁ?

ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ከመስደዱ በፊት ብዙ ሥራ አልፏል። ክሩ ይጠነጠናል። ችካል ተተክሎ፣ ክሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይመጣል፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ክሮች። በየምልልሱ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች እየሆነ ይሻገራል፤ ያ መሻገሪያ ከጠፋ ውሉ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ክር አንድ በአንድ በሽመና ዕቃው ውስጥ ያልፋል፤ ውጥረቱም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከላላ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ አንዱ ከተበጠሰ ቆሞ መቀጠል ነው። ለዚህ ሁሉ ረጅም ባዶ ቦታም ይፈልጋል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ባዶ ቦታ ምን ያህል እንደሚወደድ ታውቃላችሁ።

ፋብሪካ ይህን አይክድም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ድር ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ክሩ ትልቅ ጥቅል ላይ ጎን ለጎን ይጠመጠማል፣ መፈተጉን እንዲችል ስታርች ይቀባል፣ ሠራተኛውም ለዚያ ሥራ ደሞዝ ይቀበላል። እኛ ግን ሽሮ ሜዳ ወጥተን የምንጠይቀው «አንዱ ስንት ነው?» ብለን ነው። ዋጋው በቁራጭ ስለሆነ፣ መወርወሪያው መጀመሪያ ከመወርወሩ በፊት ያለፈው ቀን የማንም ሒሳብ ውስጥ የለም። ተከራክረን ስናስቀንስ መጀመሪያ የምንበላው እሱን ነው። ሳይከፈልበት የሚሠራው ማን እንደሆነም እንነጋገር፤ አንዳንዴ ሚስት፣ አንዳንዴ ልጅ። ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብለው መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ክር ሲያጠነጥኑ የዋሉ ልጆች ታሪክ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ርካሽ ነጠላ ርካሽ የሚሆነው አንድ ሰው ልዩነቱን ስለከፈለ ነው።

«ገበያ ነው፣ ሸማኔው ራሱ ተስማምቶ ነው የሸጠው» ትሉኝ ይሆናል። በአንድ ረጅም ድር ላይ ብዙ ነጠላ ሲሠራ ድካሙ እንደሚከፋፈልም አውቃለሁ። ግን ለሰርጋችሁ «ማንም ያልለበሰው ይሁን» ብላችሁ ስታዙ ለናንተ ብቻ አዲስ ድር ይደራል። የዲዛይን ተብሎ የሚከፈለው ብር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሱቁ ጋ ነው።

ሌላም አለ። «መቶ በመቶ የእጅ ሥራ» እያልን እንሸጣለን። የዛሬ ሸማ ድሩ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ እናቶች ነድፈው በእንዝርት የፈተሉት ማግ ይሆናል። ምን ያሳፍራል? የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ራሱ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው፤ ለዓድዋ ልብስ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት ይመጣል? የሚያሳፍረው መደበቁ ነው። ድሩን ስንደብቅ የደራውንም ሰው አብረን እንደብቃለን።

አደባባዩ ላይ ያሉት ንጉሥ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ያኔ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። ዛሬ «የባህላችን ጠባቂ» እንለዋለን። ስሙ አማረ፤ ኪሱስ? እያሞገሱ መበዝበዝን የሚከለክል አዋጅ ገና አልወጣም።

እስኪወጣ ድረስ ማድረግ የምንችለው ትንሽ ነገር አለ። ስታዙ «ድሩ ስንት ነው፣ ሥራው ስንት ነው?» ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ። የድሩን ዋጋ ክሩ ከመደራቱ በፊት ክፈሉ፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም አታስመልሱ። የምትሸጡም ወረቀቱ ላይ ጻፉ፦ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ፣ የደራው እገሌ፣ የሸመነው እገሌ።

ይህን እስክናደርግ ተረቷን ብናሳርፋት ይሻላል። አንበሳውን ለማሰር የወጣነው የሰው ድር ይዘን ነው፤ እሱም ገና አልተከፈለበትም።