ከቤት ውጭ የሚያድረውን ሰው መጠየቅ

በጤና ምርምር መጠናዊ የሚባለው ዘዴ አንድ በሽታ ስንት ሰው እንደያዘ፣ በማን ላይ እንደሚበረታና ከየትኞቹ ሁኔታዎች ጋር አብሮ እንደሚታይ ከናሙና ተነሥቶ በቁጥር የሚገልጽ ሲሆን፣ ዓይነታዊ የሚባለው ደግሞ ሰዎች ስለ ሕመማቸው የሚያስቡትንና የሚያደርጉትን ለምን እንደሚያደርጉት በጥልቅ ቃለ መጠይቅ፣ በቡድን ውይይትና በቅርብ ምልከታ ከራሳቸው አንደበት የሚሰበስብ ነው። ሁለቱን በአንድ ጥናት ውስጥ አቀናጅቶ የሚጠቀመው አካሄድ ቅይጥ ዘዴ ይባላል። ለደቡብ ጎንደር አንባቢ የዚህን ቅንጅት አስፈላጊነት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የሊቦ ከምከምና የፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ ይበቃል።

ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ የሚታይበት በሽታ ሲሆን፣ ሳይታከም ከቀረ አብዛኛውን ሕመምተኛ እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከወረርሽኙ በፊት የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላማ እርሻዎች ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 የሊቦ ከምከምና የፎገራ ሰዎች መድኃኒት በማይመልሰው ትኩሳት ሲያልቁ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ካላዛር መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠው በ2005 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ በተከፈተው ሕክምና በድንበር የለሽ ሐኪሞች ድጋፍ በተከታዮቹ ዓመታት ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታክመዋል። በሽታውን ወደ አካባቢው ያመጡት ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው ግምት በተመራማሪዎች ዘንድ ሚዛን ደፍቷል።

ከወረርሽኙ በኋላ የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጽሮ የተሠራውና በ2009 የታተመው ጥናት ሦስት ነገሮች ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አሳየ፤ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር፣ ቀን ከግራር ሥር መተኛትና ውሻ ማሳደር። ይህ ታላቅ ውጤት ነው፤ ያለ መጠናዊ ዘዴ ማንም በግምት ሊደርስበት አይችልም ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ እዚህ ላይ ይቆማል። አንድ ገበሬ ከቤት ውጭ የሚያድረው አውድማ ላይ የተከመረውን እህል ለመጠበቅ ነው ወይስ ከብቱን ከሌባ ለመከላከል፣ ቤቱ ስለሚሞቅ ነው ወይስ ከቤት ውስጥ መኝታ ስለማይበቃ? መልሱ በተለያየ ቁጥር መፍትሔውም ይለያያል። ምክንያቱ የአውድማ ጥበቃ ከሆነ አጎበሩ ለጎጆ ሳይሆን ለማሳ ዳስ የሚስማማ መሆን ይኖርበታል፤ ምክንያቱ ሙቀት ከሆነ ደግሞ የቤት ግድግዳ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ውጭ ለሚያድረው ሰው የሚፈይደው ጥቂት ነው። ውሻም እንዲሁ ነው፤ ተሕዋሱን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ውሻ የሚያሳድረው ራሱ ሌሊት ከብት የሚጠብቀው ሰው ሊሆን ይችላል። የስሌት ባለሙያ የአንዱን ተጽዕኖ ከሌላው ለመለየት የሚያስችል ዘዴ ቢኖረውም፣ ውሻው በዚያ ቤት ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ጥቂት ሰዎችን በጥልቀት ማነጋገር ብቻውን ሲቀር፣ በስብሰባ ላይ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ሽማግሌ የተናገረው የቀበሌው ሁሉ ሐሳብ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል፤ የተነገረው ምክንያት በስንት ሰው ዘንድ እንደሚገኝ የሚያሳየው ቆጠራ ነው።

ሁለቱ ዘዴዎች እርስ በርስ እንደሚፈላለጉ በእናቶች ጤና ላይም ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ 10 በመቶ ብቻ መሆኑን ካሳየ በኋላ በተቋም ያልወለዱትን እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠይቅ፣ 61 በመቶዎቹ «አያስፈልግም»፣ 30 በመቶዎቹ ደግሞ «አልተለመደም» ብለው መለሱ። «አያስፈልግም» የሚለው መልስ ግን ከጀርባው ብዙ ነገር ይይዛል። በዓይነታዊ ጥናቶች ሲጠየቁ እናቶች የሚያነሡት ከቤተሰብ ተለይቶ ብቻን መሆንን፣ በአልጋ ላይ በጀርባ መተኛትን፣ ከወሊድ በኋላ የሚጠብቃቸው የገንፎና የቡና ሥርዓት መቅረቱን፣ በቃሬዛ የሚያስኬደውን ረጅም መንገድ ነበር። በኋላ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ማዘጋጀታቸውና ገንፎና ቡና ማስገባታቸው ይህን ማድመጥ ተግባራዊ ያደረገ እርምጃ ነው። የተቋም ወሊድ በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ያደገው በገንፎ ብቻ አይደለም፤ መንገድ፣ አምቡላንስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻ አላቸው። ሆኖም በ2016 ከሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙት 62 በመቶ ሆነው በተቋም የወለዱት ከግማሽ በታች መሆናቸው፣ በመካከል ላይ የጠፉትን ሴቶች በቁጥር ሳይሆን በንግግር መፈለግ እንደሚገባ ያመለክታል።

በአገራችን የጤና ምርምር በብዛት የሚታየው ግን «የእገሌ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ርእስ የሚሠራው የመጠይቅ ጥናት ነው። ዓይነታዊው ክፍል ሲጨመርም ብዙ ጊዜ ጥቅሶች ተለቅመው ከሠንጠረዥ በኋላ የሚለጠፉበት ማስጌጫ ይሆናል። ይህ ቅይጥ ዘዴ አይባልም። ጆን ክረስዌልን የመሳሰሉ የዘርፉ ምሁራን አጥብቀው የሚያሳስቡት የሁለቱ ግኝት የሚገናኝበት ነጥብ ከመነሻው መታቀድ እንዳለበት ነው፤ መጠይቁ ቀድሞ ቃለ መጠይቁ ያልተብራራውን ሊያስረዳ ይችላል፣ ወይም ቃለ መጠይቁ ቀድሞ መጠይቁ የሚቆጥረውን ሊለይ ይችላል፣ ወይም ሁለቱ ጎን ለጎን ሄደው ውጤታቸው ሊነጻጸር ይችላል። ውጤቶቹ በሚቃረኑበት ጊዜ ተቃርኖውን መሸፈን ሳይሆን መመርመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ነገር የሚገኘው ከዚያ ነውና።

እንዲህ ያለ ጥናት ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቅ መካድ አይቻልም፤ የተቀዳ ቃል በሙሉ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጤና ምሁራንና የዞኑ ጤና ኃላፊዎች ከፎገራ ሜዳ እስከ ጋይንት ደጋ የሚሠራ የጥናት ዕቅድ ሲቀርብላቸው ከናሙናው ብዛት ጋር አብረው እነዚህን ይጠይቁ፦ ወላዷን የሚያነጋግራት ሴት ባለሙያ ናት ወይ? ገበሬው የሚጠየቀው በአጨዳ ወቅት ነው ወይስ በክረምት? ቁጥሩና ቃሉ የሚገናኙት በየትኛው የሪፖርቱ ክፍል ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዕቅድ ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት ተመልሶ ይታረም።