እናት የማትገባበት ኮንሰርት

ትኬቱ ላይ «በሮች ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናቸው» ይላል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን በ11 ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚደርሰው የዋህ ነው፤ እስከ 4 ሰዓት ዲጄውን ይሰማል። ከዚያ ጀማሪዎቹ በሁለት በሁለት ዘፈን ይፈራረቃሉ። ፎቶው በየአደባባዩ የተሰቀለው ሰው መድረክ ላይ ብቅ የሚለው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይቅርታ የለም። «እንዴት አመሻችሁ!» ሲል አዳራሹ በጩኸት ይናጋል፤ ምሽቱ ካለፈ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያስታውሰው የለም።

ይህን ሳነሳ የሚሰጠኝ መልስ ሁሌም አንድ ነው። «ኮንሰርት እኮ የሌሊት ነገር ነው» ይሉኛል፣ ጨረቃ የሌሊት መሆኗን እንደሚነግሩኝ ሁሉ። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ለምን በዚህ መልስ እንደሚረካ አይገባኝም። ልማዱ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ጉዳቱም እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም፤ መድረኩን ከቤተሰብ ነጥቆ በምትኩ የዘፋኙን ጓዳ ሰጥቶናል።

ድሮ እንዲህ ብቻ አልነበረም። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ሙዚቃና ተውኔት አንድ መድረክ የሚጋሩ፣ ሕዝብ ወንበር ይዞ የሚያያቸው ነገሮች ነበሩ። በእርግጥ ያኔም የምሽት ክበብ ነበር፤ ግን ብቸኛው በር እሱ አልነበረም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲመጣ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ሳይነጋ መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ እንደ ዋልያስና ሮሃ ያሉት ባንዶች በየሆቴሉ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚውም ሙዚቀኛውም አብረው ተቆልፎባቸው ማለት ነው። ድንቅ ሙዚቃ ወጥቶበታል፣ አልክድም። ዘመኑ በ1983 ዓ.ም. አበቃ፤ ሰዓት እላፊውም ተነሳ። እኛ ግን ማንም ሳያስገድደን እስኪነጋ መቀመጡን ቀጠልንበት፤ እኔ እንደሚመስለኝ የሌሊቱ አምልኮ ብዙው ክፍል ከዚያ የተረፈ ነው።

ለመሆኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከአዳራሽ ወጥቶ ቤቱ መግባት የሚችለው ማነው? ያላገባ ወጣት፣ መኪና ያለው ሰው፣ ከጓደኞቹ ጋር የወጣ ባል። ባለቤቴ ኮንሰርት ሲሄድ «ትንሽ ይዝናና» ይባላል። እኔ ስሄድ «ልጆቹን ለማን ትታ ነው?» ይባላል፤ የሚጠይቁት ደግሞ ሌሎች ሴቶች ናቸው። እሺ፣ ሐሜቱን ልንቀው እችላለሁ። በዚያ ሰዓት ብቻዬን ራይድ ጠርቼ፣ ጨለማ መንገድ አቋርጬ፣ ዘበኛ ቀስቅሼ መግባቱን ግን ልንቀው አልችልም። ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ወሬውን ለእናቴ ነገርኳት። ማሕሙድ የእሷ ዘመን ዘፋኝ ነው፤ ካሴቱን ከእኛ ፎቶ በላይ ነበር የምትንከባከበው። «እግዜር ዕድሜ ይስጠው» አለች እንጂ ሰዓቱን እንኳ አልጠየቀችም። ኮንሰርት ሲባል እሷን እንደማያካትት ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች።

ልጆቹ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰቡም። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ስለ አንዲት ታዋቂ ዘፋኝ ልትነግረኝ የማትችለው ነገር የለም፤ ማንን እንዳገባች፣ ለምን እንደተፋታች፣ የሕፃኗ ክርስትና የት እንደተደገሰ፣ መኪናዋ ስንተኛዋ እንደሆነ። «ከዘፈኖቿ የትኛውን ትወጃለሽ?» ብላት «እማ፣ እሱን እንኳ ብዙ አላውቀውም» አለችኝ። ልጅቱ ላይ አልፈርድም። ዘፋኟን በአካል ቆማ ስትዘፍን የምታይበት ቦታ የላትም፤ ስልኩ ውስጥ ግን ስታለቅስ ያሳዩዋታል። የዩቲዩቡ ጠያቂ አንገቱን ሰበር አድርጎ «መቼ ነው ልጅ የምናየው?» ይላል፣ የራሱን የልጅ ልጅ የናፈቀ ይመስል። ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ቅንብሩ ለምን እንዲህ ሆነ የሚል ጥያቄ የለም። ስንት አልበም ያቀናበረው ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. ሲያርፍ በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች «እንዴ፣ ያንንም ያቀናበረው እሱ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራውን እንጂ ጓዳውን የሚያሳይ ሰው ስላልነበረ አላወቁትም።

ታዋቂው ሰውም ከጨዋታው ነፃ አይደለም። አልበም ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ድንገት ስለ ትዳሩ «ዝምታውን የሚሰብር» ዘፋኝ ብዙ አይተናል። ከዚያ ደግሞ «የግል ሕይወቴን አክብሩልኝ» ይላል። እናከብርለት ነበር፤ ሌላ ያሳየን ነገር ቢኖር።

አዘጋጆቹ የሚያነሱት ክርክር አለ። አንደኛው ብርሃን ነው፤ የመድረክ መብራት በቀን አይታይም ይላሉ። ጣሪያና ግድግዳ ያለው አዳራሽ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓትም ጨለማ ነው፤ መብራቱን ማጥፋት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ክርክር ግን እውነት አለው፤ ኮንሰርት የሚያዋጣው በመጠጥ ነው። የቪአይፒ ጠረጴዛ ከነውስኪው ይሸጣል፣ ቢራው ሌሊቱን ሁሉ ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። በቢራ ላይ የቆመ ዝግጅት ለልጅ የማይሆነው እንግዲህ በባህሪው ነው። ስለዚህ እውነቱን እንነጋገር፤ የሚሸጥልን ሙዚቃ የታከለበት መጠጥ ቤት ነው። መጠጥ ቤት መክፈት መብት ነው። የሀገሪቱን ትልልቅ ድምፆች በሙሉ እዚያ ቆልፎ ሲያበቃ «የሕዝብ ልጅ» ብሎ ማስተዋወቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፣ ለዚያውም የራሳችን ሰዎች የሚሠሩበት። በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ «የኢትዮጵያ ቀን» በሚባለው ዕለት ዘፋኞች ስታዲየሙ ውስጥ፣ አያትና የልጅ ልጅ በተቀመጡበት ይዘፍናሉ። የሌሊቱ ክለብ ከዚያ በኋላ ለፈለገ አለ። ያው ዘፋኝ ነው፣ ያው ዘፈን ነው። የሚጨፍር ወጣት አልጠፋም፣ ክለቡም አልከሰረም።

እዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ደግሞ አብዛኛው ቀድሞ የተከፈለ ነው። አዳራሹ ለሙሉ ቀን ተከራይቷል፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ተተክሏል፣ ባንዱ ከሰዓት በኋላ ለሳውንድ ቼክ ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታል። በዚያው ሰዓት በሩን ከፍቶ የአንድ ሰዓት ተኩል ዝግጅት በረከሰ ዋጋ መሸጥ የማይቻልበትን ምክንያት አንድም አዘጋጅ እስካሁን አላስረዳኝም። ሌሊቱን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፣ እኔም አንዳንዴ እመጣለሁ። የቀኑን ግን ይሞክሩት። ለእኛ ቤት አራት ትኬት ይሸጣሉ፣ እናቴን ጨምሮ። ቢራ አንገዛም፤ ፈንዲሻና ውሃ ግን በደንብ እንገዛለን።